የተገዘተው ዘይትና የማክሰኝቱ ባቡር

ከቤቴ የወጣሁ ዕለት ጎሕ ገና አልቀደደም፤ ከውጭው ጨለማ ደግሞ የቤታችን ጨለማ ይብስ ነበር። ኩራዙ እንደ ወትሮው ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ላምባ ግን የለውም። ላምባ ከማክሰኝት ገበያ ከጠፋ ሰንብቷል። ስለዚህ ባለቤቴ እንጉዳይ በዳበሳ ስንቄን ቋጠረች፣ እኔም በዳበሳ ለበስኩ፣ በዳበሳ ተሳሳምን። ከንፈሬ ጆሮዋ ላይ አረፈ።

«ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ።

ዝም ያልኩት እንባዬን ልዋጥ ብዬ ነው። እሷ ግን ስለምታውቀኝ፣ «ደግሞ ጫማህ ጠፋህ?» አለች። እሱም እውነት ነበር።

ማኪናው መንገድ ዳር ቆሞ ጥሩምባውን ሲነፋ በአንድ እግሬ ጫማ፣ በአንድ እጄ ጫማ ይዤ ሮጥኩ፤ ከጤፍ ጆንያ ላይ ወጥቼ ተኮራመትኩ። ጠዳን አለፍን፣ አዘዞን አለፍን፣ ጎንደርን አለፍን። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች። ከጎኔ የተቀመጠው ጎልማሳ ሲያየኝ ቆየና ጉሮሮውን ጠረገ።

«አያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሴት ነጠላ ነው እንዴ የለበሱት?»

ዘወር ብዬ ራሴን አየሁት። ለካስ ጋቢዬን ለእንጉዳይ ትቼ የእሷን ባለ ቀይ ጥለት ነጠላ ተከናንቤ ኖሯል! የማኪናው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ብርዱ ግን አልሳቀም። ደባርቅ ላይ ጥርሴ እርስ በርሱ ሲማታ ሾፌሩ ሞተሩ የተበላሸ መስሎት ቆመ። ከዚያ በሊማሊሞ ተንከባለን ወደ ድብ ባሕር ስንወርድ ሙቀት አገኘሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ብርድ አግኝቶኝ አያውቅም። እንደኔ ባሕር ማዶ ዓደን የሚኖር ሰው ብርድን የሚያየው በሕልሙ ነው።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ እናንተም እንደኔ በየባሕሩ ዳር የተበተናችሁ፣ ይህን የምጽፍላችሁ አንድ ወሬ ለማረም ነው። «ጫኔ ሀብት ፍለጋ ሄደ» የሚሉ አሉ አሉ። የሄድኩት ናፍጣ ፍለጋ ነው።

በእኛ አገር የሞተር ወፍጮን ባቡር ነው የምንለው፤ ታውቁታላችሁ። ጣሊያን ጎንደርን በያዘበት ዘመን ጋራዥ ውስጥ ብሎን እያቀበልኩ፣ ስድብ እየተቀበልኩ የሞተር ነገር ጥቂት ለቃቅሜ ነበር። ጣሊያን ሲወጣ ጥሎት ከሄደው ብረት መካከል አንድ ሞተር አግኝተን፣ እንጉዳይ ከአባቷ የወረሰቻቸውን በሬዎች ሸጣ፣ ማክሰኝት ላይ ወፍጮ ቤት ከፈትን። ባቡሩ ቱክ ቱክ ማለት የጀመረ ዕለት ከየመንደሩ ሴቱ እህሉን ተሸክሞ መጣ። እንጉዳይ ከልጅነቷ ጀምሮ ተንበርክካ የወፍጮ መጅ ስትገፋ የኖረች ሴት ናት፤ ትከሻዋን ይዟት የነበረው ቁርጥማት በዚያው ዓመት ለቀቃት። «ይህ ሞተር ከጠበል ይበልጣል» ብላ ቄሱን አስቆጥታለች።

ታዲያ አንድ ቀን ናፍጣ ልገዛ ጎንደር ብሄድ፣ ነጋዴው ባዶ በርሜል ላይ ተቀምጦ ዝንብ ያባርራል።

«ናፍጣ አለ?»

«የለም።»

«ምነው?»

«ፋርስና እንግሊዝ ተጣልተው።»

«እኔ ከማክሰኝት ነው የመጣሁት፤ ምን አደረግኋቸው?»

«እስቲ ንገረኝ አያ ጫኔ፣ አንተ ከማን ወገን ነህ?»

«ከጤፍ ወገን!» አልኩት። ሳቀ፤ ናፍጣ ግን አልሰጠኝም። በሌላ ጊዜ ስመለስ ጥቂት ነበረው፤ ዋጋውን ሲነግረኝ እኔ ነኝ በርሜሉ ላይ የተቀመጥኩት።

ባቡሩ ቆመ። ሴቶቹ የእጅ ወፍጯቸውን ከየጓዳው አወጡ፤ በደጃፌ ሲያልፉ ናፍጣውን አልጋ ሥር እንደ ደበቅሁት ያህል ይገላምጡኝ ጀመር። የቆመ ሞተር ደግሞ እንደ ቆመ ሰው አይደለም፤ ይዝጋል፣ ይጣበቃል፣ ከዚያ ወዲያ ብረት ብቻ ነው። ከአስመራ የመጣ የብረት ነጋዴ ገና በማለዳው ደጃችን ላይ ማንዣበብ ጀመረ። እንጉዳይ መጇን አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጣችው።

ነዳጁ ሁሉ በዓደን ወደብ ያልፋል ሲባል ሰምቼ ነበር። «እሄዳለሁ» አልኳት። «ናፍጣ ካለበት ሠርቼ፣ ናፍጣ ገዝቼ እልካለሁ። ባቡሩ ሲነሳ እመለሳለሁ።»

«አንተ ናፍጣውን ላክ» አለችኝ፤ «ሞተሩን እኔ እጠብቃለሁ። ግን ጫኔ፣ ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም። ብዙ አታስጠብቀኝ።»

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ መንገድ ነው።

ያን ጊዜ አስመራና ምጽዋ በእንግሊዝ እጅ ነበሩ። ምጽዋ ወደብ ላይ የወረቀት ሹሙ፣ አማርኛ አዋቂ የአገሩ ልጅ፣ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«ሥራህ?»

«ባቡር አለኝ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «የራስህ ባቡር?»

«እኩሌታው የባለቤቴ ነው።»

«ከየት ወዴት ነው የሚሄደው?»

«የትም አይሄድም። ቆሟል።»

«እንግዲያስ አንተም ቁም» ብሎ ከፀሐይ ላይ አቆመኝ፤ ምሳውን በልቶ፣ አፉን ጠርጎ እስኪመለስ። ሲመለስ ነጠላዬን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ይህስ?»

«የባለቤቴ ነው።»

«ባቡሩ የሷ፣ ነጠላው የሷ። አንተ ምን አለህ ታዲያ?»

«እሷ አለችኝ ጌታዬ።»

ማኅተሙን መታልኝ። እግዜር ይስጠው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተራበ ሰው ነበር።

ሳምቡክ በሚሏት የሸራ ጀልባ ተሻገርን። ሊማሊሞን የወረደ ሰው ባሕር ምን ያደርገዋል ብዬ ነበር። ባሕሩ ያደረገኝን ለባለጌ እንኳ አልነግርም። ብቻ የማውቃቸውን ታቦታት በሙሉ ጠርቼ ስጨርስ የማላውቃቸውን ጀመርኩ፤ መርከበኞቹም ሎሚ እያስላሱ ይስቁብኝ ነበር።

ዓደን! ጎንደር ላይ ፀሐይን እኛ እንሞቃታለን፤ ዓደን ላይ እሷ ናት እኛን የምትጠብሰን። ተራራው ጥቁር፣ ዛፍ የሌለው፣ ምድጃ ላይ ተረስቶ ያረረ ድስት የሚመስል ነው። ውኃ በቆርቆሮ ይሸጣል። የአከራዬ ስም ሐጂ ሳሊም ነው፤ ጢሙን ሂና የቀባ፣ መቁጠሪያው ከእጁ የማይለይ ሽማግሌ። ክፍሎቹ ሁሉ ሞልተው ጣራው ላይ ቦታ አሳየኝ። ዓረብኛዬ ያን ጊዜ የሕፃን ነበር፤ የጎደለውን በጣሊያንኛና በእጄ ሞላሁት።

«ለጣራ ኪራይ? ጣራ ላይ እኮ ጣራ የለም!»

«ነፋስ አለ። ታች ነፋስ የለም። የምትከፍለኝ ለነፋሱ ነው።»

«ነፋሱ ካልመጣስ?»

«ኢንሻላህ ይመጣል።»

«ኪራዩስ?»

«ኪራዩ ያለ ኢንሻላህ ነው።»

ሰው ሁሉ ራቁቱን ለመሆን ጥቂት ቀርቶት ሲተኛ፣ እኔ ምች እንዳይመታኝ ብዬ በእንጉዳይ ነጠላ ተጠቅልዬ ተኛሁ። ምች እዚያ የለም። ወባ ግን አለ። በትኩሳት የወደቅሁ ጊዜ ውኃ በገዛ እጁ እየተሸከመ ጣራው ድረስ የወጣልኝ ያው ሐጂ ሳሊም ነው። ሂሳቡን ብጠይቀው፣ «ውኃው የአላህ ነው» አለኝ፤ ቀጥሎም፣ «ጣራው ግን የኔ ነው» አለ።

ምግቡስ? ላሑሕ የሚሉት አለ፤ ዓይን አለው፣ ስስ ነው፣ ከእንጀራ ጋር አንድ አያት የወለዳቸው ይመስላል፤ ግን ቀምሰህ ስታየው ከዘመዱ ቤት ሳይሆን ከጎረቤት ያደገ ነው። እርሾው አያኮርፍም፤ የኛ እንጀራ እኮ ጥቂት ካላኮረፈ አይጥምም። ሆኖም አልማረርኩም። በልቼበታለሁ፤ ዛሬም እበላበታለሁ።

ጣራው ላይ ከጎኔ የሚተኛው ቶማስ የሚባል ሕንዳዊ ነበር፤ ከማላባር። ክርስቲያን ነው፤ እንደኛ ይጾማል! ዐቢይ ጾም ሲገባ እኔ በስውር የፍስኩን ስተው፣ እሱም በስውር ሲተው፣ አንድ ቀን ሐጂ ሳሊም የላከልንን እርጎ ሁለታችንም «ሆዴን አሞኛል» ብለን ስንመልስ ተያየን። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ሆነ። ቶማስ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ፋርስ አገር፣ እንግሊዞቹ ናፍጣና ላምባ የሚወጣበትን የምድር ዘይት በሚያጣሩበት ትልቅ ፋብሪካ ብዙ ዘመን ኖሯል። ጠቡ ሲነሳ እንግሊዞቹ ወጡ፣ ፋብሪካው ቆመ፣ እሱም ሻንጣውን ይዞ ጣራዬ ላይ ወጣ። ማክሰኝት ያለ ወፍጮ የዘጋ እጅ የቶማስንም እንጀራ መዝጋቱን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ወደቡ ላይ ሸክም እንሸከም ነበር። አንድ ቀን አንዲት ዘይት ጫኝ መርከብ ከባሕር ላይ ተይዛ መጣች፤ ከሩቅ መልሕቋን ጥላ ቆመች። ዘበኛ ተቀመጠባት፤ የፍርድ ቤት ሰዎች በጀልባ ይመላለሱባት ጀመር።

«ምን በድላ ነው የታሰረችው?» አልኩት ቶማስን።

«የፋርስ ዘይት ጭናለች።»

«ሰርቃ?»

«ገዝታ።»

«ገንዘቧን ከፍላ?»

«ከፍላ።»

እዚያ ላይ ተቀምጦ፣ ጣቱን በላቡ አርሶ ድንጋይ ላይ እየሳለ አስረዳኝ። ፋርሶች የአገራቸውን ዘይት ከእንግሊዝ ኩባንያ እጅ ወረሱት። እንግሊዞችም «የኛ ነው፤ ማንም እንዳይገዛ፣ ማንም እንዳይጭን፤ የጫነውን እንከሳለን» አሉ። ዛሬ ጋዜጣው «ማዕቀብ» ይለዋል። እኔ ግን ያኔ ወዲያው ገባኝ፤ ግዝት ነው! ቄስ አንድን ሰው ሲገዝት ማንም ከሱ ጋር አይበላም፣ አይጠጣም፣ እህሉን አይገዛውም፤ የበላም አብሮ ይገዘታል። እንግሊዝ የፋርስን ዘይት ገዘተችው፤ ያቺ መርከብ ደግሞ ከተገዘተ ቤት ጠላ ስትጠጣ የተያዘች ናት።

«ግን ቶማስ» አልኩ፣ «የተገዘተው ፋርስ ነው፤ ጨለማ ውስጥ የለበስኩት እኔ። ይህ እንዴት ሆነ?»

ይህን ነገር ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ለእናንተም ልንገራችሁ። ከፋርስ የሚገዛ የነበረው ሁሉ ወደ ሌላው ሻጭ ይሮጣል። ያ ሻጭ ወረፋውን ሲያይ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል። ዘይቱ አሁን ከሩቅ ስለሚመጣ መርከብ ያጥራል፣ የመርከብ ኪራይ ይወደዳል። ትልልቁ አገር ከፍሎ ይወስዳል፤ ከሱ የተረፈው ወደ ወደብ ይደርሳል፤ ከወደብ የተረፈው አስመራ ይገባል፤ ከአስመራ የተረፈው ጎንደር ይደርሳል፤ ለማክሰኝት የሚተርፋት ሽታው ነው። ድግስ ቤት በሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ወጡ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚያውቅ እሱ ነው። እኛ በሩ አጠገብ ነን።

ያቺን መርከብ ከወደቡ ሆኜ ሳያት አለቅስ ነበር ማለት ይቀለኛል፤ እውነቱ ግን በዋና ሄጄ አንድ ቆርቆሮ እቀዳለሁ ብዬ አስብ ነበር። ዋና አልችልም። ይህ ብቻ ነው ከእስር ቤት ያዳነኝ።

አሁን ደግሞ የእግዜርን ሥራ እዩ። እንግሊዞቹ የፋርሱ ፋብሪካ ከእጃቸው ሲወጣ፣ «በገዛ ግቢያችን፣ በዓደን፣ የራሳችንን አንሠራም ወይ?» አሉና ከባሕሩ ወሽመጥ ማዶ፣ ከዓደን ባሻገር፣ አሸዋው ላይ አዲስ ማጣሪያ ይሠሩ ጀመር። «ሪፋይነሪ» ነው የሚሉት። ሰው በሺህ ይቀጥራሉ ተባለ። ቶማስ ሥራውን ስለሚያውቅ ወዲያው ተቀጠረ፤ እኔንም እጄን ይዞ ፎርማኑ ፊት አቆመኝ። «ይህ የሞተር ሰው ነው፤ በአገሩ ባቡር አለው» አላቸው። በዚህኛው ጊዜ ማንም ፀሐይ ላይ አላቆመኝም፤ ሁላችንም ፀሐይ ላይ ነበርን። ወፍጮዬን ያቆመ ግዝት ለኔ ሥራ ፈጠረልኝ። ምን ትላላችሁ? ማመስገን ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

የአገር ቤት ወሬ በሾፌርና በመርከበኛ አፍ ይደርሰኝ ነበር። አንድ ሾፌር ማክሰኝት አይቶት የመጣውን ነገር በምጽዋ በኩል ላከልኝ። እንጉዳይ በየሳምንቱ የሞተሩን ትልቅ መንኮራኩር በእጇ ታዞራለች፤ እንዳይዝግም ትቀባዋለች። በምን? በኑግ ዘይት። መልካም። ግን ጾም ሲፈታ ደግሞ በቅቤ!

«ለምን በቅቤ?» ብዬ መልሼ አስጠየቅኋት።

«ጾም እኮ ተፈቷል፤ እሱስ እስከ መቼ ይጹም?» ብላ ላከች።

ለቶማስ ስነግረው ከጣራው ሊወድቅ ጥቂት ቀረው። እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን ዞር ብዬ ባሕሩን አየሁ። ይህች ሴት ሞተሩን ከቤተሰብ ቆጥራ አብራ ታስጾመዋለች፣ አብራ ታስፈስከዋለች።

ከዚያ በኋላ የመጣው ወሬ ግን አልጣመኝም። ናፍጣ ወደ ጎንደር ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል፤ የሚገኘውን ግን መንግሥትና ትልልቁ ማኪና ይወስደዋል። የብረት ነጋዴው ተመላልሷል። እንጉዳይም፣ «ጉልበቴ አልቋል። እስከ መስቀል እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ብረቱን ሸጬ በሬ እገዛለሁ» ብላ ልካለች። ያ ወሬ የደረሰኝ ክረምቱ አጋማሽ ላይ ነው። ወጪ ልኬላታለሁ፤ ናፍጣ ግን አልላክሁም፤ ከሪፋይነሪው ገና አልወጣማ!

ሪፋይነሪው የተነሳው በዚያው ሰሞን ነው። ረጅም የብረት ዘንግ አለው፤ ጫፉ ላይ እሳት አለ፤ የተረፈውን ጋዝ ቀንና ሌሊት ያቃጥሉበታል። ላምባ አጥቶ በዳበሳ የተሰናበተ ሰው ያንን ሲያይ ምን እንደሚለው ልናገር አልችልም። ባዶ ሰማይ ላይ ይነድዳል!

መስቀል ደረሰ። እኛ ጥቂት ሐበሾች ደመራ እንደምር ብንል እንጨት የለም። ዓደን ላይ ዛፍ ለጥላም አይገኝም። እንጨት ቢገኝም ግቢው ውስጥ ክብሪት ይዞ የተገኘ ይባረራል። አንዱ፣ «ዘንድሮስ ያለ ደመራ ልንውል ነው» ሲል፣ እኔ ሽማግሌው፣ አስተዋዩ፣ ቀና ብዬ ያንን ዘንግ አየሁት።

«ይኸው ተለኩሶ የለም እንዴ!» አልኩ።

ጎንደር እንደምናደርገው ጎሕ ሲቀድ ሄድን። አደይ አበባ ስለሌለ በቢጫ ቀለም ያቀለምነውን ወረቀት በሽቦ አስረን ያዝን። እኔ የእንጉዳይን ባለ ቀይ ጥለት ነጠላ አጣፋሁ። ዘንጉን በሩቁ እየዞርን፣ «እዮሃ አበባዬ» እያልን በሦስተኛው ዙር ላይ ሳለን ዘበኞቹ ጠመንጃ ይዘው ከበቡን።

የግቢው ሹም እንግሊዝ ነው፤ በእንቅልፍ ልብሱ ላይ ኮት ደርቦ መጣ። በመካከላችን ዓረብ አስተርጓሚ ቆመ።

«እዚህ ምን ትሠራላችሁ?»

«በዓል ነው ጌታዬ።»

«ለምንድን ነው የምትዞሩት?»

«ደመራ ሳይዞሩ አይሆንም።»

«ከዞራችሁ በኋላስ?»

«ከዚያማ በየት በኩል እንደሚወድቅ እናያለን።»

አስተርጓሚው ከመተርጎሙ በፊት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ሹሙ ሲሰማ ፊቱ እንደ ነጠላዬ ጥለት ቀላ።

«ይወድቃል? መቼ ነው የሚወድቀው?»

«እንደ ፈቃዱ ነው። አንዳንዱ ቶሎ ይወድቃል፣ አንዳንዱ ይቆያል።»

«ማነው የሚጥለው?»

«እግዚአብሔር ነው ጌታዬ።»

«ሌላ ተባባሪ አለ?»

«መላእክቱ ካልሆኑ…»

ፊሽካ ተነፋ። መሐንዲሶቹ ከየአልጋቸው ተጠርተው የዘንጉን ብሎን አንድ በአንድ ሲፈትሹ አረፈዱ። እኛ አሸዋው ላይ ተደርድረን፣ የወረቀት አበባችንን ይዘን ተቀምጠናል። መሣቄ አልቀረም፤ ልቤ ግን ማክሰኝት ነበር። ዛሬ መስቀል ነው። እኔን ዛሬ ቢያባርሩኝ፣ ያ ሞተር ነገ ተነቅሎ በማኪና ወደ አስመራ ይሄዳል፣ እንጉዳይም ወደ መጇ ትመለሳለች። ያችን ጥዋት እሳቱን እያየሁ የጸለይኩትን ጸሎት በቤተ ክርስቲያን እንኳ አልጸለይኩትም።

ቶማስ ወሬውን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። ደመራን ጣራው ላይ ብዙ ጊዜ ነግሬው ስለነበር በእንግሊዝኛ ለሹሙ አብራራለት፤ እንጨት ደምሮ ስለ ማቃጠል፣ ምሰሶው የወደቀበትን አቅጣጫ አይቶ ዓመቱን ስለ መተንበይ። ሹሙ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ ሊቆጣ ፈልጎ እንዳቃተው ሰው አፉን ያዘ።

«እና» አለኝ በመጨረሻ፣ «ወዴት ወደቀ?»

«አልወደቀም ጌታዬ። እሳቱ ግን ወደ ምዕራብ ዘንበል ብሏል። ወደ አገራችን ነው።»

«ይህ ጥሩ ነው መጥፎ?»

«ሸጋ ነው።»

«ነፋስ እኮ ነው።»

«ቢሆንስ ጌታዬ? ለነፋስ እኔ ኪራይ እከፍላለሁ።»

አላባረረንም። የኔን የውስጥ ግቢ መግቢያ ወረቀት ግን ነጠቀኝና፣ «ይህን ሽማግሌ ዘንግ ወደሌለበት ውሰዱት» ብሎ በርሜል ወደሚሞላበት ግቢ አዛወረኝ። እንደ ቅጣት ነው። ቅጣት! ናፍጣ በቧንቧ እየፈሰሰ በርሜል የሚሞላበት ቦታ! ዙሪያዬን ባየሁ ጊዜ ምድሩን መሳም አማረኝ፤ ናፍጣ ስለፈሰሰበት ተውኩት።

እዚያ ጎኑ የተጨፈለቀ በርሜል ከነናፍጣው ለሠራተኛ በርካሽ ይሸጥ ነበር። የመጀመሪያውን ገዝቼ በሳምቡክ ወደ ምጽዋ፣ ከምጽዋ በማኪና ወደ ማክሰኝት ላክሁት። መስቀል ግን አልፏል። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር ገባ፤ ወሬ የለም። ሞተሩ አስመራ ገበያ ላይ በኪሎ ሲሸጥ በሕልሜ አየሁት።

በመጨረሻ ያው ሾፌር ቃሏን ላከልኝ። በርሜሉ ደርሷል። ሞተሩም አለ። የብረት ነጋዴው የመስቀል ማግስት ገመድና ተሸካሚ ይዞ መጥቶ፣ «ቃልሽ ነው፣ መስቀል አልፏል» ቢላት፣ «መስቀል አልኩ እንጂ የየትኛው ዓመት መስቀል እንደሆነ መቼ ነገርኩህ?» ብላ መልሳዋለች። ናፍጣውን ሞልተው ሲያዞሩት ሞተሩ መጀመሪያ የቅቤ ጭስ ተፋ፤ ወፍጮ ቤቱ የፋሲካ ቤት ሸተተ፤ ከዚያ ቱክ አለ፤ ደግሞ ቱክ አለ፤ ከዚያ ቀጠለ። ሴቶቹ እልል አሉ አሉ። እኔ ያልሰማሁትን እልልታ ሌሎች ሰሙት።

ባቡሩ ሲነሳ እመለሳለሁ ብዬ አልነበር? ልመለስ ስነሳ የሞተሩ አንድ ዕቃ ተሰበረ፤ ዓደን ካልሆነ አይገኝም፤ ልኬ ቆየሁ። በሌላው ዓመት ሻንጣዬን ሳስር ሌላው ተሰበረ። ያ ባቡር እኔን ዓደን ለማስቀረት ሆን ብሎ ይሰበራል እላለሁ። እንጉዳይ ደግሞ፣ «የሰው ባል ቢመጣ ይጠቅማል፤ የኔ ባል ባይመጣ ዕቃ ይልካል» ብላ ጎረቤት ታስቃለች አሉ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ይብሱን አረጀሁ። አሁን ናፍጣ እንደ ልብ ነው። ፋርሶችና እንግሊዞችም ታርቀዋል፤ ቶማስ ወደ ማላባር ተመለሰ፤ የተገዘተውም የገዘተውም አብረው ይሸጣሉ። እኔ ግን ወደ ምጽዋ የሚሄደውን በርሜል ሁሉ ቂጡ ላይ በጠመኔ ትንሽ መስቀል እየሣልኩ እልካለሁ። ማንም አያውቅብኝም።

በቅርቡ ማክሰኝት ስልክ ገባ። ያውም ከወፍጮ ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ! ከዓደን ቴሌፎን ቤት ሄጄ ቀጠሮ አስያዝኩ፤ ተራዬ ሲደርስ ከፉጨትና ከሹክሹክታ መካከል ድምጿ መጣ። ከዚያች በዳበሳ ከተሰናበትንባት ጥዋት ወዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«ጫኔ? አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ምነው ዝም አልክ?»

«ዝም አላልኩም» አልኩ፤ ዝም ብዬ ነበር። ቀጥዬም፣ «በርሜሉ ቂጥ ላይ መስቀል አለ ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ሰው ከስንት ዘመን በኋላ ተገናኝቶ የበርሜል ቂጥ ይጠይቃል? እኔ የበርሜል ቂጥ ስገልጥ አልውልም!»

«ትከሻሽስ?»

«ደህና ነው። ባቡሩ ይመስገን። ጋቢህን እኔ ጨርሼዋለሁ፤ ነጠላዬስ?»

«አለ። ጥለቱ ብቻ ነው የቀረው፤ ግን አለ።»

ሳቀች። ከዚያ ያንን ሁሉ ዓመት ያልጠየቅኋትን ጠየቅኋት።

«እንጉዳይ፣ ልምጣ?»

«እስቲ ይህን ስማ» አለችና መስኮቱን ስትከፍት ሰማሁ፤ ስልኩን ወደ ወፍጮ ቤቱ አዞረችው። ቱክ ቱክ ቱክ… ሊማሊሞን ወርዶ፣ ባሕር አቋርጦ ጆሮዬ ገባ። ሴቶች ሲንጫጩ ይሰማል፤ አንዲት ሴት «ገብስ ነው፣ ጤፍ አይደለም!» ትላለች። ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። በቱክና በቱክ መካከል አንዲት ጭብጨባ የመሰለች ድምፅ አለች። የሞተር ሰው ያውቃታል፤ ቺንጋው፣ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘው ጠፍር፣ ላልቷል። ከጊዜ በኋላ ይበጠሳል።

«ቺንጋው ላልቷል!» ብዬ ጮህኩ፤ የቴሌፎን ቤቱ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። በዚያው መስመሩ ተቋረጠ።

«ጊዜህ አልቋል ያ ሼክ» አለኝ ስልከኛው።

ከዚያ ወጥቼ ገበያ ገባሁና ቺንጋ ገዛሁ፤ አዲስ፣ ጠንካራ፣ ሽታው ገና የፋብሪካ። ተጠቅልሎ ጣራው ላይ ራስጌዬ ተቀምጧል። ሐጂ ሳሊም በሱ ቦታ ላይም ኪራይ ሊጠይቀኝ እያሰበ ነው። እሷ ያንን ድምፅ ያሰማችኝ ቺንጋ እንድልክ ይሁን፣ ወይስ ይዤ እንድመጣ፣ አልነገረችኝም። ሳምቡኩ ሐሙስ ይነሳል። መርከበኛው «ስጠኝ፣ አደርስልሃለሁ» ብሎኛል፤ እኔ ግን ቺንጋውን ይዤ ትከሻዬ ላይ እለካዋለሁ፤ ደግሞ አወርደዋለሁ፤ ደግሞ እለካዋለሁ።